ከድልድዩ ሥር የቆመው

መጋቢት 6

ለታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህ በወንዙ ብርድ እንዳልባሰበት ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤቴም ልጃችንም ደኅና ናቸው። ስለ እኔ ግን ይህንኑ ቃል ለመጻፍ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገኛል።

ለምን መልስ እንዳጠፋሁ፣ ለምንስ ወደ ድልድዩ ሥራ ሳይት እመጣለሁ ብዬ እንደቀረሁ ጠይቀኸኛል። «አማትህ መጥታ ነው ወይስ ተሹመህ ናቅኸን?» ያልከውን ለባለቤቴ አላነበብኩላትም። ስልክ ከዚያ ገደል ሥር ቢሠራ ኖሮ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ ምናልባት ግን በስልክ አልነግርህም ነበር። በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ በሌላ መንገድ መጻፍ አልችልበትም።

ባለፈው ወር ገላዬን ስታጠብ በግራው የዘር ፍሬዬ ላይ ሽንብራ የሚያህል ጠጣር ነገር በጣቴ አገኘሁ። አያምም። የማያምም ነገር አያስቸኩልም ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ ባታስገድደኝ ኖሮ እስከ ዛሬም እንደተውኩት ነበርኩ። አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ። የቀዶ ሐኪሙ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ምስሉን ወደ መስኮቱ አዙሮ ካሳየኝ በኋላ «ይህ አይቆይም፤ ፍሬው መውጣት አለበት» አለኝ። ከእጢው ጥቂት ቆንጥሮ መርምሮ፣ ከዚያ መወሰን አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይቻልም አለኝ፤ ካንሰር ከሆነ መቆንጠሩ ራሱ ሊያዛምተው ይችላል። ሙሉውን በብሽሽት በኩል አውጥቶ ነው የሚመረመረው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ እመጣለሁ። ድልድዩ በራሴ ስሌት የቆመ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ሥርዓት፣ ጠጠር የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ለፍተሻ ሲያልፉ ስሌቱን የሠራው ሰው ከሥር ይቆማል። ተሳስቼ ከሆነ የመጀመሪያው ተጎጂ እኔ እንድሆን ነው። ይህን ቦታ ለማንም አልሰጥም። ስለዚህ ሐኪሙን ፍተሻው እስኪያልፍ እንዲታገሰኝ ለምኜዋለሁ፤ ፊቱ እሺም እንቢም አላለኝም።

የፍተሻው ቀን ከተቆረጠ በሚቀጥለው መኪና ጻፍልኝ። ቅርብ ከሆነ ሕክምናውን አቆየዋለሁ። ይህን ነገር ለማንም እንዳትነግር አደራ። የሚጠይቅህ ካለ ቡአ ነው በል፤ በቡአ የሚስቅ ሰው የለም።

ታናሽ ወንድምህ

—

መጋቢት 11

ለሚሊሜትር፣

ደብዳቤህን ሾፌሩ ሲሰጠኝ ሲሚንቶ እያራገፍን ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ደገምኩት። ተነሥቼ ስሄድ ቂጤ ነጭ ሆኖ ሠራተኛው ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ፤ ለምን እንደሚስቁ እንኳ የጠየቅሁት ማታ ነው።

አንተ ልጅ ግን ደኅና ነህ? ኮንክሪት ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ባየህ ቁጥር ሥራ የምታስቆም ሰው፣ እዚያ ቦታ ላይ ጠጣር ነገር ይዘህ ወር ሙሉ ዝም? በእኔ ሳይት ላይ ይህን ያደረገ ፎርማን ቢኖር በዚያው ቀን ነበር የማባርረው!

ቀን ጠይቀኸኛል። ቀን አልተቆረጠም። ልብ ብለህ አንብበኝ፦ ፍተሻው ያለ አንተ አይደረግም። ቃሌ ነው። የሳይቱ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ገልባጮቹን የማዘው እኔ ነኝ። ዋናው መሐንዲስ በሄሊኮፕተር ቢመጣ እንኳ ያለ እኔ ፊሽካ አንድም ጎማ አይዞርም። ስለዚህ ሂድ፣ ተኛ፣ ይውጣልህ፣ ዳን። ከዚያ መጥተህ እንደ ሐውልት ትቆማለህ፤ እኔም አጠገብህ።

«ከእንግዲህ በወንዶች መካከል እንዴት እሆናለሁ» ብለህ በመጨረሻ ጽፈህ የሰረዝከውን ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ይዤ አንብቤዋለሁ። ሁለቱም ያላቸው ስንት ፈሪዎች አውቃለሁ መሰለህ። ከእኔ ጋር አብረው ይሠራሉ።

ቡአ ነው እላለሁ። ለሙሽሪት ሰላምታ ስጥልኝ፤ እሷ ባትኖር ምን ይውጥህ ነበር?

ጋሼህ

—

መጋቢት 16

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ሐኪሙ ሄጄ የሰጠኝን ቀን ተቀበልኩ። መጋቢት 22 ነው፤ ይህ ካለፈኝ ቀጣዩ ተራ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በግልጽ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ፦ ቃልህ ባይኖር አልቀበለውም ነበር። ባለቤቴ አልቅሳ ለምናኛለች፣ ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል፤ ያንቀሳቀሰኝ ግን ያንተ «ያለ አንተ አይደረግም» ነው።

በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አሳንሰህ ለጠየቅኸኝ መልሱ ይህ ነው። አዎ፣ መውለድ ይቻላል። የቀረው ፍሬ ጤነኛ ከሆነ ሥራውን ብቻውን ይይዘዋል። ሆኖም ውጤቱ መጥፎ ከሆነ የሚሰጠው መድኃኒት ያንንም ሊያደርቀው ስለሚችል፣ አስቀድሜ ዘር እንዳስቀምጥ ሐኪሙ መከረኝ። አስቀምጫለሁ። ስለተሰጠኝ ክፍል ብዙ አልጽፍም፤ የበሩ መቀርቀሪያ የላላ ነበር፣ በኮሪደሩም አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ስለ ኪራይ ቤት ጮክ ብላ ስታወራ ነበር ማለት ይበቃል።

ሌላም ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር። ለዓይን እንዳይጎድል በቦታው ሰው ሠራሽ ይግባልህ ወይ አለኝ። ከምን እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ቢፈነዳ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። «ምን ሥራ ነው የምትሠራው?» አለኝ፤ ነገርኩት። «ታዲያ?» ሲለኝ፣ ጭነት የማይሸከም ምሰሶ ለውበት ብዬ በንድፌ ውስጥ አስገብቼ እንደማላውቅ ነገርኩት። ይቅርብኝ ብያለሁ። ቤት ስደርስ ግን ውሳኔዬ ትክክል ስለመሆኑ ለረጅም ጊዜ መስተዋት ፊት ቆሜ አስቤያለሁ።

ባለቤቴ የቤቱን ሥራ ከአሁኑ አደላድላለች። ልጃችንን እንዳላነሣ፣ የውኃ ጀሪካን እንዳልነካ፣ ስስቅም ሆነ ሳስል ሆዴ ላይ ትራስ እንድይዝ ተነግሮኛል። ሳቁ የሚያሰጋኝ ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው።

አክባሪ ወንድምህ

—

መጋቢት 21፣ ከሐኪም ቤት

ጋሼ፣

ፈርተሃል ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አዎ።

ፀጉሬን ላጭተውኛል። ሐኪሙ መጥቶ በግራ ጭኔ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በቀለም ሣለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አቅጣጫው ትክክል ነው። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ሐሞት ከረጢታቸውን የሚያወጡ ሽማግሌ አሉ። «አንተስ ልጄ፣ ምንህን ነው?» አሉኝ። ቡአ አልኳቸው። «ታዲያ ለቡአ እንዲህ ይገረጣል እንዴ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩልኝ፤ ብቻዬን ሊተዉኝ መሰለኝ።

የድልድዩን መጉበጥ የሚለኩት መለኪያዎች ከመሃሉ በታች በትክክል መተከላቸውን እኔ ስመጣ አብረን እናያለን። ይህን እያሰብኩ እተኛለሁ።

—

መጋቢት 30

ለሚሊሜትር፣

እሰይ! እንኳን ማረህ! በሰላም ወጥተህ ዓይንህን እንደገለጥክ ሾፌሩ ሙሽሪት የላከችልኝን ቁራጭ ወረቀት ይዞ መጣ። መጀመሪያ የተናገርከው «ስንት ሰዓት ነው?» መሆኑን ጽፋልኛለች። ሰው ሞቶ ቢነሣ እንኳ ሰዓት የሚጠይቅ አንተ ብቻ ነህ።

ስለ ሳይቱ ጠይቀሃል። ሰላም ነው። ገልባጮቹ ገና አልደረሱም፤ መንገዱ ተበላሽቷል ይላሉ። ዋናው መሐንዲስም አልመጣ። እኛም ሥራ ፈተን አሸዋ እያበጠርን ነው። ስለዚህ ምንም አትቸኩል፣ ደረጃ አትውጣ፣ ሙሽሪት ያለችህን ስማ። የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ከታመመ ወዲህ ምስርና ምስር ብቻ ነው የምንበላው፤ እኔ ራሴ ምስር ልሆን ነው።

ጨርሶ አትጨነቅ። ሁሉም እንደነበረ ነው።

ጋሼህ

—

ሚያዝያ 8

ጋሼ፣

ከአልጋ ተነሥቻለሁ። ስፌቱ በብሽሽቴ ላይ የጣት ርዝመት አለው፤ ንጹሕ ነው፣ እየደረቀ ነው። ከታች በኩል እብጠቱ ቀንሷል፤ ከሳምንት በፊት ወይን ጠጅ ቀለም ነበረው፣ አሁን ቢጫ ሆኗል። እንደ ሽማግሌ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ነው የምራመደው። ልጄ እኔን መስላ ጎንበስ ብላ ከኋላዬ ትከተለኛለች፤ ባለቤቴ በዚህ ስትስቅ ሰማሁና እኔም ሳቅሁ፣ ትራሱን ሳላገኘው አመመኝ።

ስለ ሌላው ጉዳይ፣ ማለትም ጠዋት ስነቃ እንደ ድሮው ነኝ ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ መልሱ አዎ ነው። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ጊዜ ግን እጄ ሳላዝዘው ወደዚያ ይሄድና የጎደለውን ያገኘዋል። ሐዘን ልለው አልደፍርም። ሁሌ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ቁልፍ ፈልጎ እንደማጣት ነው።

የወጣው ነገር ለምርመራ ወደ ሌላ ከተማ ተልኳል፤ ውጤቱ ይዘገያል አሉ። እስከዚያ የማስበው ነገር ያስፈልገኛልና ስለ ሳይቱ በዝርዝር ጻፍልኝ። የወንዙ ውኃ የት ደርሷል? ባለፈው ደብዳቤህ ገልባጮቹ አልደረሱም ብለሃል፤ መንገዱ የቱ ጋ ነው የተበላሸው? ደብዳቤ የሚያመጣው መኪና ግን በሰዓቱ እየደረሰ ነው። መለኪያዎቹስ? ይህን ከሐኪም ቤት ጽፌልህ አልመለስክልኝም።

ወንድምህ

—

ሚያዝያ 15

ለሚሊሜትር፣

ሰላምታዬ እንደ ወንዙ ብዛት ይድረስህ። ልጅቷ ከኋላህ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች ያልከውን ለጓደኞቼ አንብቤላቸው በሳቅ ፈነዱ፤ ያንን ብቻ ነው ያነበብኩት፣ አትደንግጥ። ሙሽሪትስ እንዴት ናት? እንቅልፍ ታገኛለች? ለእሷም ሰው ይዘንላት እንጂ። ጉልበቴ ደኅና ነው። ወጥ ቤቱ ተሽሎት ተመልሷል፣ ምስሩ ግን አልሄደም። እዚህ ያለችው ውሻ አምስት ወልዳ አንዱን በአንተ ስም ጠርተነዋል፤ ሁሉን ነገር እያሸተተ ነው የሚበላው።

ስለ ሥራው ምን ልበልህ፣ ያው ሥራ ነው። ስትመጣ ታየዋለህ። አሁን ስለ መለኪያ የምታስብበት ጊዜ አይደለም። ተኛ አልኩህ!

ጋሼህ

—

ሚያዝያ 23

ለተከበሩ የሳይቱ ኃላፊ፣

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ሊጠይቀኝ መጣ። ለዚህ የቢሯችን ንድፍ ሠሪ ቅጽል ስሙን ያወጡለት እርስዎ ስለሆኑ ማንነቱን አላብራራም። በር ላይ እንደደረሰ በአንድ ትንፋሽ «እንኳን ማረህ! እንኳን ደስ ያለህ!» አለ። የመጀመሪያው ገብቶኛል። ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ነገረኝ።

«ስድስት ገልባጭ ሙሉ ጠጠር! ንቅንቅ አላለም እኮ! ወንድምህ ከሥር እጁን አጣምሮ፣ ኮፍያውን እንኳ ሳያደርግ! ዋናው መሐንዲስ 'ይህ ሰው አብዷል፣ አውጡልኝ' ሲል፣ 'የወንድሜ ስሌት ነው፣ የትም አልሄድም' አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ! መቼም ጽፎልሃል።»

«ጽፎልኛል» አልኩ። «ጥሩ ነበር» አልኩ። የራሴን ድልድይ ፍተሻ ከሬዲዮ አፍ መስማቴን እንዳያውቅብኝ ፊቴን ይዤ ፈገግ አልኩ። ባለቤቴ «ሻይ ላምጣ» ብላ ተነሣች፤ ሻዩ ግን ጠረጴዛው ላይ እየጨሰ ነበር። እሷም ታውቅ እንደነበረ የገባኝ በዚያን ጊዜ ነው።

ሲወጣ በሩ ጋ ትከሻዬን ያዘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ ቢሮ ውስጥ ማንም ምንም አላለም። አንዱም ይበቃል። የአጎቴ ልጅ ባንዱ አራት ወልዷል» አለኝ።

ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ አልዋሸችኝም። ፍተሻው የተደረገው መጋቢት 29 ነው፤ እኔ ለመሽናት ሁለት ሰው ደግፎኝ በምነሣበት ሳምንት። እርስዎ «ገልባጮቹ ገና አልደረሱም» ብለው የጻፉልኝ በማግስቱ ነው። የጠጠሩ አቧራ ምናልባት ከልብስዎ ላይ ሳይራገፍ። የእኔን አለመገኘት ለማስረዳትም ሕመሜን በስሙ ለዋናው መሐንዲስ ነግረዋል፤ ከእሱ ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ ወደ ሬዲዮ።

ለጤናዬ ብለው ነው እንዳልል፣ ፍተሻው አልፎ እኔም በእግሬ ቆሜ ስለ መለኪያዎቹ ስጠይቅዎ ስለ ውሻ ጽፈውልኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ። መጋቢት 11 ላይ «ቀን አልተቆረጠም፣ ቃሌ ነው» ብለው ሲጽፉ፣ ቀኑ ተቆርጦ ነበር ወይስ አልተቆረጠም ነበር? ቃልዎን የሰበሩት ኋላ ተገድደው ከሆነ ሰው ነዎትና ይገባኛል። ሲሰጡኝም የተሰበረ ከነበረ ግን ሌላ ነገር ነው።

አክባሪዎ

—

ግንቦት 2

ወንድሜ፣

«እርስዎ» ብለህ ከምትጽፍልኝ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በጀርባዬ አዝዬህ ወንዝ ያሻገርኩህ ልጅ «የተከበሩ» ሲለኝ ማንበብ ምን እንደሚመስል አታውቅም። ሾፌሩ «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ፤ አቧራ ገባብኝ አልኩት።

ጥያቄህን አልሸሽም። ተቆርጦ ነበር። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን መጋቢት 29 ተብሎ በሳይቱ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ፣ ወንዙ ሳይሞላ ማለቅ ነበረበት፤ ዋናው መሐንዲስም አንድ ቀን አላራዝምም አለ። ለመንኩት። ለምን ሲለኝ ነገርኩት፤ ያኔም አላራዘመም። ስለዚህ ምስጢርህን አውጥቼ ምንም አላተረፍኩበትም። ይህ ያንገበግበኛል።

ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ እውነቱን ብጽፍልህ ምን ታደርግ ነበር? እኔ ልንገርህ። ሐኪሙን ትተህ ያንን ነገር ይዘህ ትመጣና ከሥር ትቆም ነበር። አውቅሃለሁ! ሚስትህ አልቅሳ ያልሰማኸው ሰው፣ እኔ «ተው» ብልህ ትሰማኛለህ? አንድ የምትሰማው ቃል ነበር፤ እሱን ሰጠሁህ። ሙሽሪትን ዝም እንድትል የለመንኳት እኔ ነኝ፤ እሷን አትውቀሳት።

ከሥር የቆምኩትም ለጭብጨባ አይደለም። አንተ ከሌለህ ማን ይቁም? ባዶ ይቅር? የመጀመሪያው ገልባጭ ሲገባ አሸዋ አንገቴ ላይ ረገፈ፤ ቀና አላልኩም። ስለማምንህ ነው። ከራሴ በላይ በአንተ ቁጥር ተማምኜ ነው የቆምኩት። ከዚህ በላይ መታመን አለ እንዴ? መሃሉ የጎበጠው ስምንት ሚሊሜትር ነው፤ ልክ አንተ እንዳልከው። ጭነቱ ሲነሣ ተመለሰ። ማታ ልጽፍልህ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። «አልደረሱም» የሚለው ቀድሞ ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ እሱን ማሳደር ሥራ ሆነብኝ።

ዋናው መሐንዲስ ክረምቱ ሲያልፍ ገልባጮቹን አንድ ቀን ይሰጠኛል። መጥተህ ቁም። ማንም ሳይኖር፣ አንተና እኔ ብቻ። ይደገምልህ።

ውጤቱስ? ሙሽሪት አልጻፈችልኝም፣ ልኬባትም ዝም አለች። መኪናው በመጣ ቁጥር መንገድ ድረስ ወጥቼ ነው የምጠብቀው። ስደበኝ፣ ውጤቱን ግን ጻፍልኝ።

ጋሼህ

—

ግንቦት 12

ጋሼ፣

ስለ ጤናህ አስቀድሜ አልጠየቅሁህም፤ ደኅና መሆንህን ሾፌሩ ነግሮኛል።

ገልባጮቹን አትለምንልኝ። የተፈተነ ድልድይ ሥር መቆም ጣራ ሥር እንደ መቆም ነው፤ ማንም ያደርገዋል። ያ ቦታ ዋጋ የነበረው ድልድዩ ይቆም አይቁም ባልታወቀባት በዚያች አንዲት ጠዋት ነው፤ እሷን ደግሞ አንተ ወስደሃታል።

«ከዚህ በላይ መታመን አለ እንዴ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አለ። በስሌቴ ተማምነህ ራስህን ከሥሩ አቁመሃል፤ እውነቱን ነግረኸኝ ትክክለኛውን ነገር አደርጋለሁ ብለህ ግን አላመንከኝም። ቁጥሬን አመንክ፣ እኔን አላመንክም። ብትሞት ኖሮ በእኔ ስሌት ሞተህ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ «ገልባጮቹ ገና አልደረሱም» እያልኩ እንደምጠብቅህ አስበኸው ታውቃለህ?

ባለቤቴን በተመለከተ፣ ተነጋግረናል። ዝም ማለቷ ከፍቶኛል፤ አልደበቅኋትም። ነገር ግን ፋሻዬን የቀየረችው እሷ ናት፣ ስሸማቀቅ ፊቷን ያላዞረችው እሷ ናት፤ ቃል ግን አልሰጠችኝም። የሰጠኸኝ አንተ ነህ።

አሁን አንተ ወደምትጠብቀው ነገር ልምጣ። ውጤቱን ዛሬ ጠዋት ሰማሁ። እጢው ካንሰር ነበር። ከፍሬው ሽፋን አልወጣም፣ ወደ ደም ሥሮቹም አልገባም። የሆዴና የደረቴ ምስል ንጹሕ ነው፤ በደሜ ውስጥ ከፍ ብሎ የነበረው የካንሰሩ ምልክትም ወርዷል። መድኃኒት አያስፈልገኝም። በየሦስት ወሩ ደም እሰጣለሁ፣ ምስል እነሣለሁ፤ ይህ ለዓመታት ይቀጥላል። ሐኪሙን ፍተሻው እስኪያልፍ ብቆይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «ያልሆነውን አላውቅም። ይህ ዓይነቱ ግን በጣም ፈጣኑ ነው፤ አንተን የጠቀመህ በጊዜ መውጣቱ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ውሸትህ ጠቅሞኛል። ምናልባት ሕይወቴን አትርፎልኛል። ይህን ጽፌልህ ካላለፍኩ እኔም ሐቀኛ አልሆንም። ነገር ግን አመሰግንሃለሁ ብዬ ልጽፍ ስሞክር እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬም ስሞክር እንዲሁ። ስምንት ሚሊሜትር ብለህ የላክልኝን ቁጥር ሬዲዮ ከመለኪያው መዝገብ እንዲያመሳክርልኝ ጠይቄዋለሁ። ትክክል ነው። በሕይወቴ አንተ የነገርከኝን ነገር ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥልኝ ስጠይቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መጨረሻዬ እንደማይሆንም አውቃለሁ፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ለጊዜው ወደ ቤታችን አትምጣ። ልጄ ስለ አንተ ብትጠይቀኝ ሳይት ላይ ነው እላታለሁ፤ እውነትም ነው።

ባለቤቴ የውጤቱን ነገር ስትሰማ ካለቀሰች በኋላ፣ «ለሱ ግን አትቸኩል፤ ሁለት ሦስት መኪና ይለፈው፣ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ይቅመሰው» አለችኝ። አሰብኩበት። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ምሳ ቀርቦልኝ ተቀመጥኩ። አንተ መንገድ ላይ ቆመህ የምትጠብቀውን ነገር በሆዴ ይዤ እህል መዋጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ ይህን ጻፍኩ።

አንተ ግን ለሳምንታት ችለሃል።

ወንድምህ